ልጁን ተዉት፣ ቤቱን ተቆጡ

በያጅ ነኝ። የመስኮት ፍርግርግ፣ የበረንዳ ብረት፣ የደረጃ መደገፊያ፣ የግቢ በር እሠራለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ በዚህ ሥራ 20 ዓመት ልደፍን ጥቂት ነው የቀረኝ።

ስልኬ ሲጮኽ ሁለት ዓይነት ድምፅ ለይቼ አውቃለሁ። አንዱ ዋጋ ይጠይቃል። «ወንድሜ፣ በካሬ ስንት ነው? ኧረ ቀንስ እንጂ» ይላል። ሌላው ዋጋ አይጠይቅም። «ዛሬ መምጣት ትችላለህ?» ብቻ ነው የሚለው። እዚያ ቤት ልጅ ወድቋል።

ስደርስ ሁሉም ቤት የሚነገረኝ ያው ነው። «ዓይኔን አልነቀልኩም ነበር እኮ።» «ለአንድ ደቂቃ ዞር ስል።» «ሰይጣን አሳስቶት ነው።» እኔ ሜትሬን ዘርግቼ እለካለሁ። በብረቱና በብረቱ መሀል 16 ሳንቲ ሜትር ክፍተት አለ። ከሥሩ የተገለበጠ የለስላሳ ሳጥን ተቀምጧል። ሰይጣን እዚያ ቤት ምንም ሥራ አልነበረውም።

ይህን የምጽፈው ከሌላው ወላጅ ስለምሻል አይደለም። እንዲያውም በተቃራኒው። ከአራት ዓመት በፊት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ የሰው በረንዳ ላይ ተንጠልጥዬ ስበይድ የገዛ ልጄ ቤቴ ውስጥ ተቃጠለች። አንድ ዓመት ከሰባት ወሯ ነበር። የጠረጴዛውን ዳንቴል ጫፍ ያዘች፣ ሳበች። ገና የተቀዳ ሻይ ከነብርጭቆው ወረደባት። ባለቤቴ ጮኸች፣ ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዷ «እንቁላል ስበሩበት» አለች። ሌላዋ «ሊጥ ነው የሚሻለው» አለች። በመጨረሻ የጥርስ ሳሙና አሸነፈ። ሆስፒታል ስትደርስ ሲስተሯ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ውሃ አፈሰሳችሁበት?» ነበር። አላፈሰስንም። «ውሃ ከነካው ውሃ ይቋጥራል» ተብሎ ነው ያደግነው። የደረቀውን የጥርስ ሳሙና ከቁስሉ ላይ ሲያነሱ የጮኸችው ጩኸት ከቃጠሎው ጊዜ የባሰ ነበር አሉኝ። ያኔም አልነበርኩም፤ ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ነበር።

እሳት እንደሚያቃጥል የማያውቅ ወላጅ የለም። በረንዳ እንደሚጥል፣ በረኪና እንደማይጠጣ ሁላችንም እናውቃለን። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ጥበቃውን በሙሉ ለዓይናችን ሰጥተነዋል። ዓይን ደግሞ ይደክማል። ስልክ ያያል። ወጥ ሊያማስል ዞር ይላል። ብረት ግን አይደክምም። መቀርቀሪያ ዞር አይልም። ስለዚህ የሁለት ዓመት ልጅን «አርፈህ ተቀመጥ» እያላችሁ ጉሮሯችሁን አታድርቁ። እሱ አይሰማም፣ መስማትም ያለበት ዕድሜ ላይ አይደለም። ቤቱን ተቆጡ፤ ቤቱ ይሰማል።

መጀመሪያ ተንበርከኩ

ትንሽ ልጅ ያለበት ቤት ሥራ ስይዝ ጫማዬን አወልቃለሁ፣ እንበረከካለሁ፣ ከሳሎን እስከ ወጥ ቤት በአራት እግሬ እድሃለሁ። ሰዎች ይስቃሉ። አንዲት እናት «ወንድሜ፣ የጠፋብህ ነገር አለ?» ብላኛለች። እናንተም ሞክሩት። ከታች ሲያዩት ቤቱ ሌላ ቤት ነው። የጠረጴዛው ማዕዘን ልክ ግንባራችሁ ጋ ነው። የማከፋፈያው ሶኬት አፍንጫችሁ ሥር ነው። የካውያው ገመድ «ሳበኝ» ብሎ ተንጠልጥሏል። ከሶፋው ሥር ሳንቲም፣ አንድ የወደቀ ክኒን፣ የሪሞት ባትሪ ታገኛላችሁ።

ስለ ባትሪው ትንሽ ልቁም። ክቧን፣ እንደ አዝራር ጠፍጣፋዋን ነው የምለው። ሪሞት፣ ሚዛን፣ መብራት የሚያበሩ መጫወቻዎች ውስጥ አለች። ልጅ ውጦ ጉሮሮው ላይ ከቀረች በሁለት ሰዓት ውስጥ ሥጋውን አቃጥላ ልትበሳ ትችላለች። «ነገ በሰገራ ይወጣል» ተብሎ አይጠበቅም። እንዲያስታውክም አይደረግም። እየሮጡ ወደ ሆስፒታል ነው። ልጁ አንድ ዓመት ካለፈው፣ መዋጥ ከቻለና ማር እጃችሁ ላይ ካለ፣ በመንገድ ላይ በየ10 ደቂቃው ሁለት የሻይ ማንኪያ መስጠት ጉዳቱን ይቀንሳል። ማር ፍለጋ ብላችሁ ግን አንድ ደቂቃ እንዳትዘገዩ። ከአንድ ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ማር በጭራሽ አይሰጥም። ባትሪ መክደኛው በብሎን የማይታሰር መጫወቻ ቤታችሁ አታስገቡ። ያለውን በፕላስተር ጠቅልሉት።

ድኸታችሁን ስትጨርሱ እዚያው እንደተንበረከካችሁ እጃችሁን ወደ ላይ ዘርጉ። የነካችሁት ሁሉ የልጁ ነው። ከሦስት ወር በኋላ እንደገና ዳሁ። ባለፈው ያልደረሰበት ላይ አሁን ይደርሳል።

ቡናው፣ ሻዩና ዳንቴሉ

የኛ አገር እሳት ወለል ላይ ነው። ብዙ ሰው ይህን አያስተውለውም። ረከቦቱ መሬት ላይ፣ ምድጃው መሬት ላይ፣ የፈላ ጀበና መሬት ላይ። ዙሪያውን ቀጤማ ይጎዘጎዛል፣ ፈንዲሻ ይበተናል። ለአንድ ዓመት ልጅ ከዚህ የበለጠ የሚጠራ ነገር ከየት ይመጣል?

ከልጄ ቃጠሎ በኋላ መጀመሪያ የሠራሁት የቡና አጥር ነው። ለሚችል በያጅ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። 20 በ20 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነ አራት ማዕዘን ብረት) ይበቃል። ሦስት ክፍል፣ እያንዳንዱ ወርዱ 80፣ ቁመቱ 70 ሳንቲ ሜትር። ውስጡን በቋሚ ብረት ሙሉት፣ ክፍተቱ ከ8 አይብለጥ። ክፍሎቹን በማጠፊያ አያይዙና ሲያልቅ ታጥፎ ከበር ጀርባ ይቀመጣል። ጠርዙን በደንብ ሞርዱት። ልጅ እጁን በመሀል ቢያስገባ እንዳይደርስበት ከሰሉን ከአጥሩ አርቁት። ጎረቤቶች መጀመሪያ ያዩት ቀን «ጀበናዋ ምን አጥፍታ ታሰረች?» ብለው ሞተዋል በሳቅ። አሁን ከዚያው ብሎክ አራት ሰው አሠርቶኛል።

ማሠራት ካልተቻለ ሶፋውን አዙሩና ጥግ ላይ አፍሉ። ወይም ቡናው እስኪያልቅ አንድ ትልቅ ሰው ሥራው ልጁን መያዝ ብቻ ይሁን። «ሁላችንም አለን እኮ» ማለት ማንም የለም ማለት ነው። ልጅ አዝሎ ማፍላትም አይሆንም፤ ጎንበስ ስትሉ እጁ ከፊታችሁ ይደርሳል።

ዳንቴሉን አንሱት። አውቃለሁ፣ የእናታችሁ እጅ ሥራ ነው። ልጁ አራት ዓመት እስኪሞላው ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆይ፣ አይበላሽም።

የውሃ ማፍያውን ገመድ አጥፋችሁ በላስቲክ እሰሩትና ወደ ግድግዳው አስጠጉት። የድስት እጀታ ወደ ውስጥ ይዙር። የእንጀራ ምጣድ ከተነቀለ በኋላም ለረጅም ጊዜ ያቃጥላል። ሲጋገር ፊቱ ወደ 200 ዲግሪ የሚደርስ ነገር ወዲያው አይበርድም፣ ቀይ ሆኖም አያስጠነቅቅም። የተቀዳ ሻይ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንኳ የሕፃን ቆዳ ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ ሕፃን አቅፎ ሻይ መጠጣት ይቅር። ስታጥቡት ሳፋው ውስጥ መጀመሪያ ቀዝቃዛውን፣ ቀጥሎ ሙቁን ጨምሩ። ተቃራኒውን አድርጋችሁ ቀዝቃዛ ልታመጡ ዞር ባላችሁበት ነው የሚገባበት። 60 ዲግሪ የደረሰ ውሃ ለትንሽ ልጅ ቆዳ ሴኮንዶች ይበቁታል።

ከተቃጠለ፣ 20 ደቂቃ ውሃ

ይህን ሲስተሯ ናት ያስተማረችኝ። እንደ ጸሎት በቃሌ ይዤዋለሁ።

ልብሱን አውልቁ። ቆዳው ላይ የተጣበቀውን ግን ተዉት። አምባርና ቀለበት ካለ አውጡ፣ ሲያብጥ አይወጣም። ከዚያ የተቃጠለውን ቦታ የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር አድርጉ። ለ20 ደቂቃ። ሰዓት አይታችሁ፤ ልጅ እያለቀሰ ሦስት ደቂቃ ራሱ 20 ይመስላል። ቧንቧው ከሄደ (የኛ ሠፈር ፈረቃ የታወቀ ነው) ከጀሪካን በጆግ እየቀዳችሁ ቀስ አድርጋችሁ አፍስሱ። ከአደጋው በኋላ እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ይጠቅማል፣ ስለዚህ «አሁንማ መሸ» አትበሉ። የቀረውን ሰውነቱን በጋቢ ሸፍኑት፣ እንዳይበርደው።

በረዶ አይሆንም። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ሊጥ፣ የቡና ዱቄት አይሆንም። ሙቀቱን አፍነው ያቆዩታል፣ ቁስሉን ያቆሽሹታል፣ ሐኪም ደግሞ መልሶ ሲያነሳው ልጁ ሁለተኛ ይሰቃያል። የቋጠረውን ውሃ አታፍርጡ። በንጹሕ ጨርቅ ወይም በምግብ መጠቅለያ ላስቲክ ላላ አድርጋችሁ ሸፍኑና ውሰዱት። ፊት፣ እጅ፣ መገጣጠሚያ፣ ብልት አካባቢ ከሆነ፣ ወይም ከልጁ መዳፍ ከሰፋ፣ ወይም በኤሌክትሪክ ከሆነ «እስኪ ነገ እንየው» የለም። አዲስ አበባ ውስጥ የካቲት 12 እና አቤት ሆስፒታል ቃጠሎ የሚያክም ክፍል አላቸው። መጀመሪያ ግን ቅርባችሁ ያለው ጤና ጣቢያ ድረሱ።

በረንዳና መስኮት

እዚህ ላይ ብዙ ባወራ አትፍረዱብኝ፣ እንጀራዬ ነው።

ሦስት ነገር ለኩ። አንደኛ፣ በብረቶቹ መሀል ያለው ክፍተት ከ10 ሳንቲ ሜትር ማነስ አለበት። ሜትር ከሌላችሁ ውፍረቱ 10 ሳንቲ ሜትር የሚያህል ክብ ነገር ውሰዱና ሞክሩ። ካለፈ ልጅም ያልፋል። የሕፃን ገላ ካለፈ በኋላ ጭንቅላቱ ተይዞ ቢቀርም ያው አደጋ ነው። ሁለተኛ፣ ቁመቱ ከ1 ሜትር ከ10 አይነስ። ሦስተኛ፣ ብረቱ የቆመ ይሁን፣ የተጋደመ አይሁን። የተጋደመ ብረት ማለት መሰላል ማለት ነው።

ደንበኞቼ የማይወዱት ምክር ይሄ ሦስተኛው ነው። አበባ ይወዳሉ። ጥቅልል፣ ልብ፣ ቅጠል ይፈልጋሉ። እኔም ለዓመታት ሠርቼላቸዋለሁ፣ ገንዘቡ ጥሩ ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ጥቅልል ለአንድ ትንሽ እግር መርገጫ ነው። አበባ ከፈለጋችሁ ከላይ፣ ከአንድ ሜትር በላይ ይሁን። ቀድሞ የተሠራ ካላችሁ ደግሞ ከውስጥ በኩል ግልጽ ፕላስቲክ ወይም ላሜራ በብሎን ማሰር ይቻላል። ለጊዜው ጠንካራ መረብም ያገለግላል፣ ግን በየወሩ እየጎተታችሁ ፈትኑት፤ ፀሐይ ያበሰብሰዋል።

ብረቱ ቢስተካከልም በረንዳው ዕቃ ማከማቻ ከሆነ ትርጉም የለውም። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቦታ እንደሌለ አውቃለሁ፣ እኔም አራተኛ ፎቅ ነኝ። የከሰል ጆንያ፣ ጀሪካን፣ የተገለበጠ ሳፋ፣ የተሰበረ ወንበር፣ ሁሉም ተደርድሮ ደረጃ ይሠራል። 1 ሜትር ከ10 የነበረው ብረት ጀሪካን ላይ ለቆመ ልጅ ወገቡ ነው። ዕቃውን ወደ አንድ ጎን፣ ከግድግዳው ጋ አድርጉ። የበረንዳው በር ከላይ፣ ልጅ በማይደርስበት ቦታ መቀርቀሪያ ይግባለት። ውስጥም ቢሆን አልጋና ሶፋ መስኮት ሥር አታስቀምጡ።

አንድ የምወደው ታሪክ አለ። ኒው ዮርክ ከተማ ውስጥ ልጆች ከፎቅ መስኮት እየወደቁ ያስቸግሩ ነበር። በ1972 እ.ኤ.አ. የከተማው ጤና ቢሮ ወላጆችን ከማስተማር ጎን ለጎን በነፃ የመስኮት ብረት ማደል ጀመረ። አደጋው በግልጽ ቀነሰ። በ1976 ደግሞ 10 ዓመትና ከዚያ በታች ልጅ ያለበት አፓርታማ ሁሉ አከራዩ ብረት እንዲያስገባ ሕግ ወጣ። እናቶቹ በአንድ ዓመት ውስጥ የበለጠ ጠንቃቃ ሆነው አይመስለኝም። መስኮቱ ነው የተለወጠው።

ግን ደግሞ ጥንቃቄ። እኛ አገር ፍርግርግ የሚሠራው ለሌባ ነው፣ ዙሪያውን ግጥም ተደርጎ ይበየዳል። እሳት ቢነሳ ማን በየት ይወጣል? ቢያንስ አንዱ መስኮት በማጠፊያ የሚከፈት ይሁን። ቁልፉ እዚያው አጠገብ፣ በትልቅ ሰው ቁመት ላይ ይሰቀል።

ልጅ ከወደቀ፣ ራሱን ከመታ፣ ማሸትና «ምንም አልሆነም» ማለት አይበቃም። ደጋግሞ ካስታወከ፣ ለማንቃት ካስቸገረ፣ ራሱን ከሳተ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ከጆሮው ወይም ከአፍንጫው ፈሳሽ ወይም ደም ከወጣ፣ አካሄዱ ወይም ንግግሩ ከተለወጠ፣ ወዲያው ሆስፒታል። ከከፍታ የወደቀን ልጅ አንገቱን ሳታንቀሳቅሱ አምቡላንስ ጥሩ።

ሃይላንድ ውስጥ ያለው ሁሉ ውሃ አይደለም

ኑዛዜ። እኔ ራሴ ቲነር በሃይላንድ ጠርሙስ አስቀምጥ ነበር። አልጋ ሥር። የቀለም ሥራ ሲኖረኝ ከትልቁ ጀሪካን ቀንሼ አመጣና የተረፈውን እዚያው እተወዋለሁ። መልኩ ውሃ፣ ጠርሙሱ ውሃ። ልጄ በዚያ አለማለፏ የኔ ጥንቃቄ አይደለም።

ፈሳሽ ሳሙና፣ በረኪና፣ ነጭ ጋዝ፣ ማላታይን፣ የአይጥ መርዝ፣ ሁሉም በመጣበት ዕቃ ይቀመጥ። ሃይላንድ፣ የለስላሳ ጠርሙስ፣ የጁስ ብርጭቆ ውስጥ አይገልበጥ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ልጅ በቀላሉ የማይከፍተው ክዳን ያለው የነጭ ጋዝ ዕቃ ለቤተሰቦች ሲታደል፣ ጋዝ የሚጠጡ ልጆች ቁጥር ወደ ግማሽ ወርዷል። ክዳን ብቻ። እኛ ጋ ያ ክዳን ባይኖርም ቁልፍ ያለው ሳጥን አለ። ከ1 ሜትር ተኩል በላይ ግድግዳ ላይ በፊሸር አሳስሩት። መድኃኒትም እዚያው። የአያት የደም ግፊት ክኒን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ተቋጥሮ ወይም ትራስ ሥር አይቀመጥ። ልጅን «ከረሜላ ነው» እያላችሁ መድኃኒት አታስውጡት፤ ያምናችኋል።

ከጠጣ፦ እንዲያስታውክ አታድርጉ። ጣት ጉሮሮው ውስጥ አትክተቱ፣ ወተትና ዘይት አታጠጡት። ጋዝና ቲነር ሲመለሱ ሳንባ ውስጥ ይገባሉ፤ ዋናው ጉዳት እሱ ነው። በረኪና ደግሞ ሲወርድ ያቃጠለውን ሲመለስ ይደግመዋል። የጠጣበትን ጠርሙስ ይዛችሁ ሂዱ። ሐኪሙ የመጀመሪያ ጥያቄው «ምንድን ነው የጠጣው?» ነው።

ሌሎቹን ባጭሩ

በርሜል። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሁላችንም በርሜልና ባልዲ ሞልተን እናስቀምጣለን። ጭንቅላቱ የሚከብደው ሕፃን ባልዲ ውስጥ ጎንበስ ካለ ቀና ማለት ያቅተዋል። ጥቂት ሳንቲ ሜትር ውሃ ይበቃል፣ ድምፅም አይሰማም። በርሜል ክዳኑ መቀርቀሪያ ይኑረው፣ ባዶ ባልዲ ይገልበጥ። ግቢ ውስጥ የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳኑ ከተሰረቀ (ለቁርጥራጭ ብረት ይሸጡታል፣ እኔ ጋም ሊሸጡ የመጡ አሉ) በዚያው ቀን ይሸፈን። ከባድ ሲሚንቶ ክዳን ለሌባ አይመችም። ክረምት ላይ የግንባታ ጉድጓድ ውሃ ሲሞላ ልጆች ዋና ይማሩበታል፤ ሠፈራችሁ ካለ ተሰብስባችሁ አሳጥሩት።

ተንሸራታች የግቢ በር። ይህን ማንም አይናገርም። በሐዲዱ ጫፍ ማቆሚያ ከሌለው፣ ልጅ ገፋ ሲያደርገው ወጥቶ ይወድቅበታል። ሁለት ሰው የማያነሳው ብረት ነው። ዛሬ ውጡና እዩት። ማቆሚያ ማስበየድ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ቁም ሳጥንና ቴሌቪዥንም እንዲሁ፤ መሳቢያ ላይ የሚወጣ ልጅ ካላችሁ ከግድግዳ ጋር ይታሰር።

ቆሎ። አራት ዓመት ላልሞላው ልጅ ቆሎ፣ ለውዝ፣ ፈንዲሻ አይሰጥም፣ በተለይ እየሮጠ። ካነቀውና ማሳል ከቻለ ተዉት ያስል። ድምፁ ከጠፋ፣ ጎንበስ አድርጋችሁ በትከሻዎቹ መሀል በመዳፍ 5 ጊዜ ምቱት። አልወጣ ካለ ከኋላ አቅፋችሁ ከእምብርቱ በላይ ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ ግፉ። እስኪወጣ እያፈራረቃችሁ ቀጥሉ። ከአንድ ዓመት በታች ከሆነ ሆዱ አይገፋም፤ ክንዳችሁ ላይ በደረቱ አስተኝታችሁ፣ ራሱ ዝቅ ብሎ፣ 5 ጊዜ ጀርባውን፣ ከዚያ ገልብጣችሁ ደረቱን መሀል ላይ በሁለት ጣት 5 ጊዜ። የማታዩትን ነገር በጣት አትፈልጉ፣ ወደ ውስጥ ትገፉታላችሁ። ራሱን ከሳተ አምቡላንስ ጥሩ።

ከሰል። የተዘጋ ክፍል ውስጥ ለሙቀት ብሎ ከሰል ይዞ መተኛት የለም። ጭሱ ቢጠፋም ገዳዩ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። ቤተሰቡ ሁሉ አንድ ላይ ራሱን ካመመው፣ ካቅለሸለሸው፣ መጀመሪያ ወደ ውጭ ውጡ።

ብየዳ ደግሞ፣ የራሴ ጉዳይ ስለሆነ። ልጆች ብልጭታውን ማየት ይወዳሉ። ዓይናቸው ማታ አሸዋ እንደገባበት ይቆጠቁጣቸዋል። በያጅ ቤታችሁ ሲመጣ ልጁን ወደ ጎረቤት ላኩት።

እናቴና እኔ

ከዕቃው በላይ የሚከብደው ሰው ነው። የቡና አጥሩን ሠርቼ ስጨርስ እናቴ አየችውና «አንተንስ በምን አጥር ነው ያሳደግኩህ?» አለችኝ። ሁላችሁም ቤት አንድ እንዲህ የሚል ትልቅ ሰው አለ።

አልተከራከርኳትም። ግራ ክንዴን አሳየኋት። አምስት ዓመቴ ላይ ምድጃ ላይ ወድቄ የተቃጠልኩበት ነው። «እሱማ ተርፈሃል» አለች። «ያልተረፉትን ቁጠሪልኝ እስኪ፣ እማዬ» አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ በጣቷ ጀመረች። የእከሌ ልጅ፣ ወንዝ። የእህቷ ልጅ፣ የፈላ ጠላ ውሃ። የጎረቤት ልጅ፣ የሚጥል በሽታ ነበረባት፣ እሳት። አራተኛው ላይ ስኒዋን አስቀመጠች። አጥሩን ከዚያ ወዲህ አልነካችውም፤ እንዲያውም እንግዳ ሲረሳው የምትዘጋው እሷ ናት።

የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሪፖርት በዓለም ላይ በየቀኑ ከ2,000 በላይ ልጆች ባልታሰበ አደጋ እንደሚሞቱ ጽፈዋል። ለእናቴ ይህን ብነግራት ምንም አይገባትም ነበር። የራሷ አራት ጣት ነው የገባት። እናንተም ክርክር ሲነሳ ቁጥር ትታችሁ ጣት አስቆጥሩ።

የቤት ሠራተኛ ካለች ሌላ ጉዳይ ነው። አደጋ ሲደርስ መጀመሪያ የምትወቀሰው እሷ ናት። ብዙ ቤት ያየኋት የ16 ዓመት ልጅ ናት፤ እንጀራ ጋግሪ፣ ልብስ እጠቢ፣ ልጁንም እዪ ተብላለች። አንድ ሰው ምጣድና ሕፃን በአንድ ጊዜ አያይም። በምትጋግርበት ሰዓት ልጁ ሌላ ሰው ጋ ይሁን። ካልሆነም የወጥ ቤቱ በር ላይ አጭር በር ይግባ፣ 70 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። የ20 ደቂቃውን ውሃ ለእሷም አሳይዋት። ቤት ውስጥ የምትኖረው እሷ ናት።

ወጌሻንም በተመለከተ አንድ ቃል። እኔ ራሴ ወልቆብኝ ወጌሻ ነው የመለሰልኝ፣ አልሰድብም። ለልጅ ስብራት ግን መጀመሪያ ራጅ። ቀርከሃውን አጥብቆ ካሰረው ደሙ ይቆማል፣ እጅ እግር እስከ መቆረጥ ይደርሳል። የታሰረ ልጅ ካላችሁ አሁኑኑ ጣቶቹን እዩ። ከበረዱ፣ ከገረጡ ወይም ከጠቆሩ፣ ካበጡ፣ ከደነዘዙ፣ ወይም ሲነኩት ከመጠን በላይ ካመመው፣ ነገ ሳትሉ ፈትታችሁ ሆስፒታል ውሰዱት። ጥፍሩን ተጫኑና ልቀቁ፤ በሁለት ሴኮንድ ውስጥ መልሶ ካልቀላ ማሰሪያው ጠብቋል።

ከየት ልጀምር ካላችሁ፣ ዛሬ ማታ ሦስት ነገር ብቻ፦ ዳንቴሉን አንሱ፣ ከሃይላንዱ ውስጥ ውሃ ያልሆነውን አስወግዱ፣ ከበረንዳው ብረት ሥር ያለውን ጀሪካን አርቁ። አንድም ብር አይወጣም። ለብረቱ ቅዳሜ በያጅ ትጠራላችሁ።

ባለቤቴ ደግሞ ከዚያ ቀን በኋላ ያደረገችውን ልንገራችሁ። ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ በከሰል በትልቁ ጻፈች፦ 907፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ። 939፣ እሳት አደጋ። ከሥሩ የኔ ስልክ ቁጥር፣ ከሱ ሥር የጎረቤታችን፣ ቀጥሎ የሠፈሩ ታክሲ ሹፌር። ቤቱን ቀለም ስቀባ የዚያን ቦታ ትቼ ነው የቀባሁት። የኔ ቁጥር ጎን ላይ በትንሹ «ባትሪ!» የሚል አለ።